የአባቴን ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ ፋንታ በመብራት ላስኬደው ፈልጌ ነበር፤ የትኛውን አዳፕተር ልሰካ?

የደነባ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ነው የሚኖረው። አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ አለው። ከጠዋት ጀምሮ አይዘጋውም፤ ማታ ደግሞ በአጭር ሞገድ ዶይቼ ቬለን ሳይሰማ አይተኛም። የድንጋይ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ሲደክምበት ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። እሱም አልሆን ሲል ድምፁን ቀንሶ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። ይሄን ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

አሁን ቤቱ መብራት ገብቷል። ሬዲዮው ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለችው፤ «ዲሲ 6 ቮልት» ይላል። አጠገቡ ፕላስና ማይነስ ያለበት ስዕል አለ፤ ስዕሉ ግን አልገባኝም። እጄ ላይ ያሉት አንድ የራውተር አዳፕተር 12 ቮልት 1 አምፔር፣ አንድ የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት 2 አምፔር ናቸው። የቱ ይሆነኛል? 2 አምፔሩስ በዝቶ አያቃጥለውም? ለበዓል ስሄድ ይዤለት መሄድ ፈልጌ ነው።

ሾላ ገበያ

የራውተሩን ስካው ባክህ። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ይሠራል። ሬዲዮ ጠንካራ ነገር ነው።

ጋሽ ጥገና

ሾላ ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል፤ ግን ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል። የጫፉ መግባት ምንም ማረጋገጫ አይደለም። 5 ቮልት፣ 9 ቮልት፣ 12 ቮልት የሚሰጡ አዳፕተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጫፍ ይዘው ይመጣሉ።

እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሬዲዮኖች ብዙ ናቸው። ስትከፍተው መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው። ከዚያ ከአዳፕተሩ መግቢያ አጠገብ ያለውን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመውን ክፍል) ታየዋለህ፤ ክቧ በርሜል አናቷ አብጦ፣ መሃሏ ላይ ያለው የመስቀል ጭረት ተከፍቶ፣ ቡናማ ፈሳሽ አውጥታ። ጎኗ ላይ «10 ቮልት» ተጽፏል። 6 ቮልት እንድትሸከም የተቀመጠች ናት፤ 12 ሲመጣባት ምን ታድርግ? ድምፁን የሚያጎላው አይሲ (ጥቁሩ ቺፕ) አብሮ ከሄደ ደግሞ ሌላ ሬዲዮ መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ሬዲዮው ውስጥ አራቱ እየተከታተሉ ስለሚገቡ ይደመራሉ፤ 6 ቮልት። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን ግን አንዱ 1.6 አካባቢ ይሰጣል፣ ሊሞት ሲል ወደ 1 ይወርዳል። ስለዚህ የአባትህ ሬዲዮ ከ6.4 ጀምሮ እስከ 4 ምናምን ድረስ መሥራት ለምዷል። በ5 ቮልት ይሠራል ማለት ነው። ድምፁን ከፍ ስታደርገው ትንሽ ሊሰነጠቅ ይችላል እንጂ ጉዳት የለውም። ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮችም እኮ አንዳቸው 1.2 ናቸው፤ አራቱ 4.8። ሬዲዮው በእነሱም ይጫወታል።

12ቱን ግን እርሳው።

ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ አምፔሩ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና።

ቮልት አዳፕተሩ የሚገፋው ነው። አምፔር ግን መሣሪያው ራሱ የሚወስደው ነው። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው 2 አምፔር «እስከዚህ ድረስ እችላለሁ» ማለት እንጂ «ይህን ሁሉ እልክብሃለሁ» ማለት አይደለም። መሶቡ ላይ ሃያ እንጀራ ስለተቀመጠ አንድ ሰው ሃያውን አይበላም።

እንዲህ ዓይነት ሬዲዮ በመካከለኛ ድምፅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ አምፔር ቢወስድ ነው። 2 አምፔር ማለት 2000 ሚሊ አምፔር ስለሆነ ተርፎ ይተርፋል። አደጋ ያለው በተቃራኒው ነው፤ አነስተኛ አምፔር ያለው አዳፕተር ብዙ የሚወስድ መሣሪያ ላይ ከገባ አዳፕተሩ ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል።

የደነባ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ስዕሉን አጉልቼ ፎቶ አነሳሁት። መሃል ላይ ነጥብ አለ፣ ዙሪያውን ግማሽ ክብ። ከነጥቡ የወጣው መስመር ማይነስ ላይ ይደርሳል፣ ከግማሽ ክቡ የወጣው ፕላስ ላይ።

ጋሽ ጥገና

ጎሽ፣ ዋናው ነገር እሱ ነበር። የአንተ ሬዲዮ መሃሉ ማይነስ ነው። ነጥቧ የጫፉ ውስጠኛ ቀዳዳ ናት፣ ግማሽ ክቡ ውጪያዊ ብረቱ ነው። የራውተር አዳፕተሮች አብዛኞቹ መሃላቸው ፕላስ ነው። ስለዚህ ያንን ሰክተኸው ቢሆን በቮልቱም በአቅጣጫውም ትመታው ነበር። አንዳንድ መሣሪያ ተገልብጦ ሲመጣበት የሚከላከል ዳዮድ አለው፤ ርካሽ ሬዲዮ ላይ ግን ያንን ተስፋ አታድርግ።

የጫፉን መጠንም በዓይን አትመነው። 5.5 በ2.1 ሚሊሜትር እና 5.5 በ2.5 ሚሊሜትር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው። ያልገጠመው ሬዲዮውን ባነቃነቅከው ቁጥር ይጠፋል ይበራል። ትናንሽ ሬዲዮኖች ደግሞ ከዚህ ቀጭን የሆነ ጫፍ ይወስዳሉ። ሬዲዮውን ይዘህ ሄደህ ሞክረህ ግዛ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ አዳፕተሩ ላይ «መውጫ» የሚለው መስመር ዲሲ (እንደ ድንጋይ ፕላስና ማይነሱ የማይቀያየር) መሆኑን እይ። 9 ቮልት ኤሲ (እንደ ግድግዳው መብራት የሚቀያየር) የሚያወጡ አሉ፤ ቅርጻቸው ያው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ ውጭ ያለነው ዕቃ ስንልክ የምናጠፋው ጥፋት ስላለ ልናገር። አሜሪካ ሶኬቱ 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ 220። ከምንልካቸው ዕቃዎች ጋር የሚመጣው አዳፕተር አንዳንዱ ለ120 ብቻ የተሠራ ነው። ጫፍ ቀይሮ አዲስ አበባ ላይ መሰካት ማለት ያንን አዳፕተር መግደል ነው። የሶኬት ጫፍ መቀየሪያዋ ቮልት አትቀይርም፤ የብረቱን ቅርፅ ብቻ ነው የምትቀይረው። «መግቢያ 100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ በየትም አገር ይሠራል። ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጽሑፉን ማየት ነው። ለእናቶቻችን የምንልከው የደም ግፊት መለኪያ ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል።

አጭር ሞገድ

የደነባ ልጅ፣ አባትህ አጭር ሞገድ ነው የሚሰሙት ብለሃል። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ ቮልት አውርቶ ያለፈው ነገር ነው ማታ ማታ የሚያናድዳቸው።

የስልክ ቻርጀር ውስጥ ያለው ሰርኪዩት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው 220ውን ወደ 5 የሚያወርደው። ይህ በርቶ መጥፋት ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል። ኤፍ ኤም ላይ ብዙም አትሰማውም። መካከለኛና አጭር ሞገድ ላይ ግን «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ጣቢያውን ይውጠዋል። በነጻ መሞከር ትችላለህ። ሬዲዮውን በድንጋይ አስነሳ፣ አጭር ሞገድ ላይ አድርገው፣ ከዚያ ስልክ እየሞላ ያለ ቻርጀር ጠጋ አድርግበት። ድምፁን ራስህ ትሰማዋለህ። ርካሽ የሆነ የኤልኢዲ አምፖልም እንዲሁ ያደርጋል።

ስለዚህ ቮልቱ ትክክል ሆኖ፣ ጫፉ ገጥሞ፣ ሬዲዮው በርቶ፣ አባትህ ግን የሚወዱትን ጣቢያ ሊያጡት ይችላሉ። «በድንጋይ ነው የሚያምረው» ብለው አዳፕተሩን ጥግ ላይ ይወረውሩታል። ደግሞም እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው የድሮው ከባድ አዳፕተር ነው፤ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው፣ በእጅህ ስትይዘው የሚከብደው። እሱ ይህን ጫጫታ አይፈጥርም።

ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት

ልክ ነህ፣ ግን ከባዱ አዳፕተር የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ቮልታቸውን የሚቆጣጠር ነገር የላቸውም። «6 ቮልት» የሚለው በሙሉ ጭነት ላይ ነው። ሬዲዮው ትንሽ ሲወስድ 8 ወይም 9 ቮልት ሊሰጥ ይችላል። በቴስተር ለኩት፣ ታያላችሁ። ሌላው «ምምም» የሚል የወፈረ ድምፅ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ወደ ዲሲ ከተቀየረ በኋላ በ100 ኸርዝ ይንቀጠቀጣል፤ ስፒከሩ ያንን ያወጣዋል።

ጋሽ ጥገና

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ሥራ አለ። ከባዱን አዳፕተር 9 ቮልት የሚለውን ውሰድ፤ ዲሲ የሚያወጣውን። በአዳፕተሩና በሬዲዮው መሃል 7806 የምትባል ሦስት እግር ያላት ቁራጭ አስገባ። ሥራዋ የገባላትን ቆርጣ 6 ቮልት ብቻ ማሳለፍ ነው። መግቢያዋ ላይ ቢያንስ 8 ቮልት ያህል ትፈልጋለች፤ ለዚህ ነው 9 ያልኩት። ጽሑፏን ወደ አንተ አዙረህ ስትይዛት ግራው መግቢያ፣ መሃሉ ማይነስ፣ ቀኙ መውጫ ነው። በመግቢያዋ 0.33 ማይክሮፋራድ፣ በመውጫዋ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አጠገቧ ይበየድላት። ያ «ምምም» አብዛኛው እዚያ ይቀራል።

ትግላለች፤ አትደንግጥ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 9 የሚለው አዳፕተር በትንሽ ጭነት 12 ቮልት አስገብቶ 6 ቢወጣ፣ ሬዲዮው 0.2 አምፔር ቢወስድ፣ የተረፈው 6 ቮልት በ0.2 ሲባዛ 1.2 ዋት ሙቀት ይሆናል። ቁራጭ አልሙኒየም በብሎን እሰርባት፣ አየር በሚያገኝ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣት። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሬዲዮ የሚጠግን ባለሙያ ይሄን ቁጭ ብሎ ይሠራልሃል።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ሬዲዮው ላይ ከመሰካትህ በፊት ቴስተር አስነካው። ቀዩን ሽቦ ውጪያዊ ብረቱ ላይ፣ ጥቁሩን መሃሉ ውስጥ። ቴስተሩ 6 ቮልት ማንበብ አለበት፣ ከፊቱ ማይነስ ሳይኖር። ማይነስ ካሳየህ ተገልብጧል ማለት ነው።

ትርንጎ

ይቅርታ መሃል ገባሁባችሁ። ፓወር ባንክስ? እኔ ከዩኤስቢ ወደ ክብ ጫፍ የሚቀይር ገመድ ገዝቼ ለእቴቴ ሬዲዮ ሰጠኋት። ይሠራል፤ ግን ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። ቁልፉን ስትጫነው እንደገና ይነሣል። ፓወር ባንኩ ተበላሽቶ ነው?

ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት

አልተበላሸም ትርንጎ። ፓወር ባንክ የተሠራው ለስልክ ነው። የሚወጣው ከረንት (አምፔሩ) በጣም ሲያንስ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። እቴቴ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ስትሰማ ሬዲዮው ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ሊወስድ ይችላል፤ ያ ለፓወር ባንኩ ምንም እንዳልተሰካ ነው። አንዳንዶቹ ለጆሮ ማዳመጫና ለሰዓት ተብሎ አነስተኛ ከረንት የሚፈቅድ አሠራር አላቸው፤ ቁልፉን ሁለቴ ስትጫኚ የሚበራ። መመሪያው ላይ እዪው። ከሌለው ሌላ ዓይነት መቀየር ነው።

ስትገዙ ደግሞ የገመዱን ጫፍ ተጠንቀቁ። ከዩኤስቢ ወደ ክብ ጫፍ የሚሄዱ ገመዶች ውስጥ 5ቱን ወደ 9 ወይም ወደ 12 ከፍ የሚያደርጉ አሉ፤ ለራውተር የተሠሩ ናቸው። ወገቡ ላይ ወፈር ያለች ነገር ካለች አንብቧት።

አጭር ሞገድ

ፓወር ባንኩም አጭር ሞገድ ላይ ትንሽ ይጮኻል፤ ውስጡ ያለው 3.7 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ወደ 5 ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት አለው። ለኤፍ ኤም ግን ምንም አይልም።

ፀሐይ ግቢ

እኛ መንደር መብራት የለም፤ ባለ 12 ቮልት ሶላር ነው ያለን። ከፓነሉ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ የሚያገናኙ ልጆች አሉ። ይሄ እንዴት ይታያል?

ጋሽ ጥገና

አደራህን አስቁማቸው። «12 ቮልት» የሚባለው ፓነል ምንም ሳይጫንበት ፀሐይ ላይ 20 ቮልት ያልፋል። ስሙ 12 የሆነው 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት ስለተሠራ ነው። ባትሪው ራሱም እየሞላ ሳለ 14 ቮልት ይደርሳል።

ከባትሪው ውሰዱ፣ መሃል ላይ ቮልት አውራጅ ሰሌዳ አስገቡ። ኤልኤም2596 የሚባለው በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል። ትንሽ የነሐስ ብሎን አለችው፤ እሷን በስክሩድራይቨር እያዞርክ፣ ቴስተር መውጫው ላይ አድርገህ፣ 6 ቮልት እስኪሆን ትጠብቃለህ። ሬዲዮውን ከዚያ በኋላ። ከሱቅ ሲመጣ ስንት ላይ እንደተተወ አይታወቅም።

ከባትሪው ፕላስ ጫፍ አጠገብ ደግሞ ፊውዝ አድርጉ፤ 1 አምፔር ለሬዲዮ ይበቃል። የመኪናም የሶላርም ባትሪ ሁለቱ ሽቦ ቢነካካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ሽቦው ቀልቶ ቤት ያቃጥላል። ሳር ቤት ከሆነ አስቡት።

አጭር ሞገድ

ለፀሐይ ግቢ፤ ያ ሰሌዳ በ150 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። የእሱ ብዜቶች 600፣ 750፣ 900 እያሉ ቀጥታ መካከለኛ ሞገድ ላይ ያርፋሉ። ከሬዲዮው አንድ ሜትር ያህል አርቁት፣ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡት። ከ12 ቮልት ባትሪ ለሚወስድ ሰው 7806 ይሻላል ባይ ነኝ። ጥቂት ታባክናለች፤ ግን ዝም ያለች ናት።

እማዋ

የደም ግፊት መለኪያ ነገር ስለተነሳ፤ የእናቴ አራት ትንንሽ ድንጋይ ይወስዳል፣ 6 ቮልት ማለት ነው። በስልክ ቻርጀር ላስኬደው?

ጋሽ ጥገና

እህቴ፣ ይሄንንስ አታድርጊው። ሬዲዮ ድምፁ ቢቀንስ ትሰሚዋለሽ። የግፊት መለኪያ ግን ክንዷ ላይ አየር የሚነፋ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ሲነሣ ከረንቱ በአንዴ ይዘላል፣ ደካማ አዳፕተር ላይ ቮልቱ ይወድቃል። ወይ መሃል ላይ ይጠፋል ወይ ስህተት ይጽፋል። ከሚወጣው ቁጥር ተነሥታ መድኃኒት የምትወስድበት ነገር ነው። ለዚያው ሞዴል ተብሎ የተሠራውን አዳፕተር ግዢላት፤ ካልተገኘ በቀን አንዴ ሁለቴ ለመለካት ጥሩ ድንጋይ ብዙ ወር ይቆያል።

የደነባ ልጅ

አስጨረስኩት። 9 ቮልት ከባድ አዳፕተር ከ7806 ጋር፣ መሃሉ ማይነስ በሆነ ጫፍ። በቴስተር 6.02 አነበበ። አጭር ሞገድ ላይ በድንጋይ እና በመብራት እያፈራረቅኩ አዳመጥኩት፤ ልዩነት አላገኘሁበትም። የስልክ ቻርጀሩን ለንጽጽር ሞከርኩት፤ ወንድሜ «አጭር ሞገድ» እንዳስጠነቀቀው ጣቢያው ጭራሽ ጠፋ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ ጋሼ። ድንጋዩ ውስጥ እንዳለ አዳፕተሩን ብንሰካ ችግር አለው? መብራት ሲጠፋ በድንጋዩ እንዲቀጥል ፈልጌ ነው።

ጋሽ ጥገና

ብዙ ሬዲዮ ላይ ቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ጫፉ ሲገባ የድንጋዩን መስመር ትቆርጣለች፣ ሲወጣ ትመልሳለች። የአንተም እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ ድንጋዩን አስገባና ሬዲዮውን አስነሣ፤ ከዚያ ሶኬት ላይ ያልተሰካውን አዳፕተር ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ክተት። ዝም ካለ ማብሪያዋ አለች፣ ድንጋዩ ውስጥ ቢቀመጥ ችግር የለውም።

ግን ልብ በል፤ መብራት ሲጠፋ ጫፉ እዚያው ስላለ ሬዲዮው በራሱ ወደ ድንጋዩ አይዞርም። አባትህ ጫፉን መንቀል አለባቸው። ይህን ካልነገርካቸው ተበላሸ ብለው ያስቀምጡታል።

ሳይዘጋ መጫወቱን ከቀጠለ ግን ድንጋዩና አዳፕተሩ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ያኔ አንዱን አውጣ። ቻርጅ የማይደረግ ድንጋይ ውስጥ ከረንት ሲገፋበት ያብጣል፣ ይፈሳል፣ ይፈነዳል። ቀዳዳ በሌለው ሬዲዮ የድንጋዩ ቤት ሽቦ ላይ በቀጥታ የበየደ ሰውም እንደዚሁ፤ ድንጋይ አብሮ አይገባም።

የደነባ ልጅ

ሞከርኩት፣ ዝም አለ። ማብሪያዋ አለች። ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠምጥሜበታለሁ፤ መብራት ሲሄድ ቀዩን ንቀል እለዋለሁ። አላህም እግዜርም ይስጣችሁ።

ጋሽ ጥገና

አሜን። ድንጋዩ ሳይነካ ብዙ ጊዜ ስለሚቀመጥ በየወሩ ከፍተው ይዩት። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ ወዲያው ይጣል። አልካላይን ከሆነ በጥጥ ትንሽ ኮምጣጤ አድርጎ ማጽዳት፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ።

ሾላ ገበያ

ተማርኩበት ጋሼ። የግድግዳ ሰዓትስ እንዲህ ማድረግ ይቻላል? አንዲት ትንሽ ድንጋይ ነው የሚወስደው።

ጋሽ ጥገና

ይቻላል፣ 1.5 ቮልት አውጥቶ መስጠት ነው። ግን ምን ያደርግልሃል? በአንዲት ድንጋይ ዓመት ያህል ይሄዳል። በመብራት ካደረግከው መብራት በሄደ ቁጥር ቆሞ ታገኘዋለህ። ሰዓቱን ተወው።